ስለ ማታ ተማሪዎች፤ ቤትንና ሥራን ከትምህርት ጋር አስማምቶ ስለ መያዝ

ትምህርት በልጅነት ወራት ቢጀመር መልካም እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። የልጅ ልቡና ያልተከፈለ፣ ጭንቀቱም ጥቂት፣ ጉልበቱም ትኩስ ስለ ሆነ የሰማውን ፈጥኖ ይይዛል። ነገር ግን የሰው ሁሉ ዕድል አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ወላጆቹን ለመርዳት ሲል ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሥራ ይገባል፤ ሁለተኛው ተማሪ ቤቱ ከመንደሩ ስለ ራቀበት ይቀራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቀድሞ የተማረው ትምህርት ለዘመኑ ሥራ የማይበቃ ሆኖ ያገኘዋል። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው ከገፋ፣ ትዳር ከመሠረቱና ልጆች ከወለዱ በኋላ እንደ ገና ደብተር ቢይዙ ሥራቸው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

በአዲስ አበባ ከተማ በምሥራቁ ክፍል፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም በጉርድ ሾላና በሲ ኤም ሲ አልፎ እስከ አያት ድረስ ባለው መንገድ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ የቆመ ሰው ይኸን በዓይኑ ሊያይ ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዚያ ሰዓት ይዘጋሉ፤ የማታው ትምህርት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሰዓት ገደማ ይጀመራል። በመካከሉ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በታክሲ ሰልፍ ላይ ከሚቆሙት ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል ግን ደብተራቸውን በክንዳቸው ሥር ይዘው ወደ ትምህርት የሚጣደፉ አባቶችና እናቶች አሉ። የቀኑ ድካም በፊታቸው ላይ ይታያል፤ ቀናቸው ግን ገና አላለቀም።

እንዲህ ያለው ሰው ሦስት ዕዳ አለበት። አንደኛው ዕዳ ለቤቱ፣ ሁለተኛው ደመወዝ ለሚከፍለው ሥራው፣ ሦስተኛውም ለትምህርቱ ነው። ሦስቱም አበዳሪዎች በአንድ ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሰዓት ክፈል ይሉታል። ለአንዱ ሲከፍል ለሌላው ያጎድላል። ዛሬ ሊታሰብበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ሰው ሦስቱን ዕዳ ያለ ማታለል የሚከፍልበት መንገድ ምን እንደ ሆነ፣ በዙሪያው ያሉትም ሹማምንት፣ ካህናትና ቤተ ሰቦች ምን ሊረዱት እንደሚችሉ ነው።

ሥራ ይዞ መማር ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የተነገረለት የኢትዮጵያ ጃንደረባ የንግሥት ህንደኬ ሹምና የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ ነበረ። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ እንደ ነበር ተጽፏል። ፊልጶስም ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ገለጠ፤ መምህሩንም ወደ ሠረገላው አውጥቶ ከአጠገቡ አስቀመጠው። ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይገኛል። ሹመቱ ከመማር አላገደውም፤ የመንገዱን ጊዜ ለንባብ አዋለው፤ ያላወቀውንም ዐውቃለሁ አላለም። ዛሬ በአያት ባቡር ውስጥ ቆሞ ማስታወሻውን የሚያነብ ሠራተኛ በዚያው በጃንደረባው መንገድ የሚሄድ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤትም ሌሊቱን ለትምህርት ማዋልን ከጥንት ያውቃል። በዚያ ሥርዓት ዓይን የሚፈልገው ንባብ በቀን ብርሃን ይነበባል፤ በቃል የሚያዘው ትምህርት ግን ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ከመምህሩ አፍ እየተሰማ ይጠናል። የቆሎ ተማሪውም ቀን ለምኖ፣ ለመምህሩ እንጨት ለቅሞ፣ ውኃ ቀድቶ፣ ጎጆውን ጠግኖ ነው የሚማረው። የቀደሙት መምህራን ጊዜ የጠበበበት ተማሪ እያንዳንዱን ሰዓት ለሚስማማው ትምህርት መመደብ እንዳለበት ተረድተው ነበር። ይህ ብልኀት ለዛሬውም የማታ ተማሪ ይሆነዋል።

በአዲሱ ዘመን ትምህርትም ቢሆን ለጎልማሶች የታሰበው ቀደም ብሎ ነው። በ1940 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የብርሃንህ ዛሬ ነው ተማሪ ቤት ቀን ሥራ የሚውሉ ሰዎች ማታ እንዲማሩ የቆመ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዕድሜው ከ18 እስከ 50 ዓመት የሆነ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው ሁሉ በዕረፍት ጊዜው ፊደል እንዲማር አዋጅ አስነገሩ። በ1971 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ገበሬውንና የቤት እመቤቷን፣ ሽማግሌውንና ባልቴቷን ከፊደል ገበታ ፊት አስቀመጠ፤ ስለ ዚህም ሥራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የያኔው ጎልማሳ የሚፈልገው ፊደል መለየት ነበር፤ የዛሬው የከተማ ጎልማሳ የሚፈልገው ዲፕሎማና ዲግሪ ነው። ጥማቱ ግን ያው ነው።

የከተማው ምሥራቃዊ ክፍል የዚህ ጥማት መሰብሰቢያ ሆኗል። በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር አብዛኛው የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ በዚያ ሥፍራ ገርጂና ሰሚት፣ አያትና ቦሌ አራብሳ የሚባሉ ሰፋፊ ሠፈሮች ቆመዋል፤ ሕዝቡም ስለ በዛ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ክፍላተ ከተማ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ተቋቁሟል። በዚሁ ወገን በ1987 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች የተመሠረተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም ይገኛል። ለመምህራን ማሠልጠኛነት የታወቀው ኮተቤም በዚያው አቅራቢያ ነው። ከእነዚህ ሌላ የግል ኮሌጆች በመገናኛና በገርጂ ዙሪያ በየሕንፃው ላይ አሉ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የከተማ ባቡርም በሲቪል ሰርቪስና በጉርድ ሾላ በኩል ያልፋል።

የአንድ ማታ ተማሪ ቀን ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሒሳቡን መሥራት ይበቃል። ለምሳሌ ያህል በአያት የጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር፣ በቦሌ በኩል ባለ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል፣ ማታ የሚማር የሦስት ልጆች አባት ይታሰብ። ቀኑ 24 ሰዓት ነው። ከምሳ ሰዓት ጋር 9 ሰዓት በሥራ ላይ ይውላል። ለመሄድ፣ ወደ ትምህርት ለመሻገርና ወደ ቤት ለመመለስ 3 ሰዓት ያጠፋል። ትምህርቱ 3 ሰዓት ይወስዳል። 6 ሰዓት ቢተኛ ድምሩ 21 ይሆናል። የሚቀረው 3 ሰዓት ነው፤ በዚያም ውስጥ መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ መጸለይ፣ ከባለቤቱ ጋር መነጋገር፣ የልጆቹን ደብተር ማየት፣ የራሱንም ትምህርት ማጥናት አለበት። መንገዱ ቢጨናነቅ ወይም ዝናብ ቢዘንብ ይህም ይቀንሳል። በአውሮፕላን ማረፊያው በፈረቃ የሚሠራ ሰው ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ የሥራው ተራ ከሳምንት ሳምንት ሲለዋወጥ የትምህርቱ ሰዓት ግን አይለወጥለትም።

እንግዲህ ጊዜ በጠበበ ቁጥር ስርቆት ይመጣል። ይህ ቃል ከባድ ቢሆንም ነገሩን በስሙ መጥራት ይገባል። የመጀመሪያው ስርቆት ከሥራ የሚሰረቅ ሰዓት ነው። ባለጉዳይ በበር ቆሞ ሳለ በጠረጴዛው ላይ የትምህርት ሥራውን የሚሠራ፣ ወይም ፈተና በቀረበ ጊዜ ሳያስፈቅድ የሚቀር ሠራተኛ፣ ዕውቀቱን የሚገዛው በሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ከሩቅ ሠፈር ለመሬት ጉዳይ ወይም ለጡረታ ጉዳይ የመጣው ሽማግሌ ነገ ና ተብሎ ሲመለስ፣ የዚያን የትምህርት ሰዓት ዋጋ የከፈለው እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ተማሪ ነገ ቢሾም ሕዝብን ማገልገልን አስቀድሞ ያልተለማመደ ሹም ይሆናል።

ሁለተኛው ስርቆት ከቤት የሚሰረቅ ነው። ይኸኛው ድምፅ የለውም፤ ልጅ ክስ አያቀርብምና። አባቱ ሳይነቃ የሚወጣ፣ ተኝቶ ሳለ የሚመለስ ልጅ፣ አባቱን የሚያውቀው በእሑድ ብቻ ይሆናል። እሑድም ለጥናት ከተወሰደ ጭራሽ አያውቀውም። ባለቤትም ብትሆን ለሦስትና ለአራት ዓመት የቤቱን ሸክም ብቻዋን ተሸክማ፣ ዲግሪው በመጣ ጊዜ ከፎቶግራፉ አጠገብ መቆም ብቻ ይቀርላታል። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል የምስክር ወረቀት የሚሰቀልበት ግድግዳ አያገኝም።

ሦስተኛው ስርቆት ከትምህርቱ ከራሱ የሚሰረቅ ሲሆን ለአገር ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ይኸው ነው። ጊዜ ያጣ ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ ለሌላ ሰው ያስጽፋል፤ ሌላው ደግሞ ከነጭራሹ ሳይማር የሐሰት ማስረጃ ይገዛል። በቅርብ ዓመታት መንግሥት የሠራተኞችን የትምህርት ማስረጃ እንዲጣራ ያደረገው ይህ ክፉ ልማድ ስለ ተስፋፋ ነው። ጥፋቱ የገዢውና የሻጩ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የጥፋቱን ሥር የፈለገ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል፤ ይኸውም ዕድገትና ደመወዝ ከችሎታ ይልቅ ከወረቀት ጋር ታስሮ መኖሩ ነው። መሥሪያ ቤት ምን ታውቃለህ ብሎ ሳይጠይቅ ምን ይዘሃል ብቻ ብሎ ከጠየቀ፣ ሰው የሚፈልገው መያዝን እንጂ ማወቅን አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና መሰጠቱ በዚህ በኩል መልካም መከላከያ ነው፤ የተገዛ ጽሑፍ በፈተና አዳራሽ ለባለቤቱ አይመልስለትምና። ሆኖም ፈተና ሌባን ይይዛል እንጂ ለደከመው እውነተኛ ተማሪ ጊዜ አይጨምርለትም።

ስለ ሴቶች ለብቻው ሊነገር ይገባል። ወንዱ ማታ ሲማር እራቱ ተሠርቶ ይጠብቀዋል፤ ሴቲቱ ማታ ስትማር ግን እራቱ እስክትመለስ ይጠብቃታል። ይህች አነስተኛ የምትመስል ልዩነት ብዙ ሴቶችን ከትምህርታቸው አስቀርታለች። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለወላድ ከመውለድ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ሰጥቷል፤ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዟል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ ማቆያ ከሥራው ጋር አብሮ ሲዘጋ፣ 12 ሰዓት ላይ ክፍል መግባት ያለባት እናት ልጇን ለማን ትተው? ጎረቤት ወይም እህት ያላት ትማራለች፤ የሌላት ትቀራለች። የማታ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ሁሉ አንዲት ክፍልና ሁለት የታመኑ ሞግዚቶች ቢያዘጋጅ ወጪው ትንሽ፣ ፍሬው ግን ብዙ ነው።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያቀርቡት ተቃውሞ አለ። ለልቡ የፈለገ ሰው ጊዜ አያጣም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንባ በልቅሶ ይገኛል፣ ሰዓት ግን በልቅሶ አይገኝም። ሌሎችም ሠራተኛው ከተማረ በኋላ መሥሪያ ቤቱን ጥሎ ይሄዳልና ስለ ምን እንርዳው ይላሉ። ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ፣ እንዳይሄድ ሲባል ሳይማር የቀረ ሠራተኛ በዚያው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ባለማወቁ እንደሚጎዳቸው ማስታወስ ነው። ደግሞም የተረዳ ሰው የረዳውን ቤት በቀላሉ አይረሳም። ሌሎች ደግሞ በዚህ ዕድሜ መማር ለምን ይጠቅማል ይላሉ። በኬንያ አገር ኪማኒ ማሩጌ የተባሉ አዛውንት እ.ኤ.አ. በ2004 በ84 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ገብተው ከልጆች ጋር ፊደል ቆጥረዋል። እኒያ ሽማግሌ ዲግሪ አልፈለጉም፤ ነገር ግን አባት ሲያነብ ማየት ለልጅ ከምክር ሁሉ የሚበልጥ ምክር መሆኑን ለብዙ ሰው አሳዩ።

በሌላውም ዓለም ይህ ጉዳይ ተመክሮበታል። በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1823 ለእጅ ባለሙያዎች የተቋቋመው፣ ዛሬ በርክቤክ የሚባለው ኮሌጅ ሥራ የሚውሉ ሰዎችን ማታ በማስተማር ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው ክፍት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተማሪውን ወደ ተማሪ ቤት መጥራቱን ትቶ ትምህርቱን ወደ ተማሪው ቤት ላከ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1974 ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቋረጥ ስለሚያገኘው የትምህርት ፈቃድ 140ኛውን ስምምነት አውጥቷል። ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ የጎልማሳ ትምህርት የአንድ ሰው የግል ድካም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሥርዓት የሚያስፈልገው መሆኑ ነው።

እንግዲህ ከሹማምንት የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የትምህርት ፈቃድ አሰጣጥን ግን አሠሪና ሠራተኛ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ እንዲወስኑት ትቶታል። ሕጉ በሩን ከከፈተ የሚገባበት ሰው ሊኖር ይገባል። የሚማር ሠራተኛ ጧት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ ማታ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ እንዲወጣ ቢፈቀድለት መሥሪያ ቤቱ አንዲት ደቂቃ አያጎድልበትም። የፈተና ቀኖቹን በዓመቱ መጀመሪያ ቢያስመዘግብ፣ አለቃውም የዓመት ዕረፍቱን በዚያ መሠረት ቢደለድልለት በመካከላቸው መደባበቅ አይኖርም። ከሁሉ በላይ ግን ለዕድገት የሚወዳደር ሰው በሚሠራው ሥራ ቢፈተን፣ ወረቀት የመግዛት ምክንያት ይቀንሳል።

ለማታ የሚያስተምሩ ተቋማትም ድርሻ አላቸው። የማታ ተማሪ ከቀን ተማሪ ያነሰ ተማሪ አይደለም፤ ገንዘቡንም ከልጆቹ ጉርስ ላይ ቀንሶ የከፈለ ነው። ስለዚህ መምህሩ በማይመጣበት ቀን አስቀድሞ ቢነገረው ሁለት ሰዓት በመንገድ ደክሞ ዝግ በር አያገኝም። የመዝገብ ቤቱና የቤተ መጻሕፍቱ በር በእርሱ ሰዓት ክፍት ቢሆን፣ ማስረጃ ለማውጣት ሲል ከሥራው አይቀርም። በአራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ንባብ በከተማው መካከል ምን ያህል ተፈላጊ እንደ ሆነ አሳይቷል። በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራም እስከ ምሽት የሚቆዩ ትንንሽ የንባብ ቤቶች በየወረዳው ቢበዙ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር ለሚኖር ተማሪ ትልቅ ዕረፍት ይሆኑታል። ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚወስደው ጎዳና በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገድና መብራት ማግኘቱ ማታ ከትምህርት ለሚመለሱ ሴቶች የሚጠቅም ነው፤ ከዋናው ጎዳና ወደ ውስጥ ወደየሠፈሩ የሚያስገባው መንገድም ቢበራና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መጓጓዣ ባይጠፋ ሥራው ይፈጸማል።

ካህናትም በዚህ ጉዳይ ዝም ሊሉ አይገባም። የነፍስ አባት የባልንና የሚስትን ነገር ከማንም ይልቅ ቀርቦ ይሰማል። ባል ሊማር ሲነሣ ከሚስቱ ጋር፣ ሚስትም ስትነሣ ከባሏ ጋር አስቀድመው እንዲመካከሩ፣ የቤቱን ሥራ እንዲከፋፈሉ፣ በሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ለደብተር የማይሰጥ የቤተ ሰብ ቀን እንዲለዩ ቢመክር፣ ኋላ ለዕርቅ ከመቀመጥ ያድናል። ሰንበት ትምህርት ቤቶች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ በሥራ ቀን ማታ ባዶ ሆኖ ሲያድር በአጥቢያው ላሉ ተማሪዎች የጥናት ሥፍራ ሊሆን ይችላል። እድሮችና ማኅበሮችም ደንባቸውን ቢመረምሩ መልካም ነው። በፈተና ቀን ከስብሰባ የቀረ አባል በቂ ምክንያት ሳለው ተቀጥቶ ከሚያዝን፣ በዕረፍት ጊዜው ተተክቶ እንዲያገለግል ቢደረግ እድሩም አይጎዳም፤ ተማሪውም ከወገኑ አይለይም።

ተማሪው ራሱም ዕዳውን በልክ ይውሰድ። ባልንጀራው በአራት ዓመት ጨረሰ ብሎ የማይችለውን ያህል ትምህርት በአንድ ጊዜ የሚመዘገብ ሰው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ይደርስበታል። በአምስት ወይም በስድስት ዓመት በእውነት የተማረ ሰው፣ በአራት ዓመት በልመናና በኩረጃ ካለፈው ይበልጣል። እንደ አብነቱ ሥርዓትም ሰዓቱን ይለይ። መጽሐፍ የሚፈልገውን ንባብ ጧት ከቤተ ሰቡ ቀድሞ ተነሥቶ ያንብብ፤ በቃል የሚያዘውን በባቡርና በታክሲ ያሰላስል፤ ሥራ ላይ ሳለ ግን ደብተሩን ይዝጋ። ማታ ሲመለስ ልጁ ነቅቶ ካገኘው አሥር ደቂቃ አይንፈገው። ቅዳሜም ከልጆቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ እነርሱ የእነርሱን፣ እርሱም የራሱን ቢያጠና፣ ለቤቱና ለትምህርቱ ያለበትን ዕዳ በአንድ ሰዓት ይከፍላል።

ትምህርት ለሰው የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ማዕርግ ብቻ አይደለም፤ ነገርን በሚዛን መመልከትን ያስተምራል። ቤቱን፣ ሥራውንና ትምህርቱን በሚዛን ይዞ ለዓመታት የተጓዘ ሰው በዚያው በጉዞው ላይ አንድ ታላቅ ትምህርት ተምሯል፤ ይኸውም ራስን መግዛት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሾም ባለጉዳይን አያንገላታም፤ የመጠበቅን ድካም ያውቀዋልና። በበታቹ ያለ ሠራተኛ ፈተና አለብኝ ብሎ ወደ እርሱ በመጣ ጊዜም ፊቱን አያጠቁርበትም። ዛሬ በመገናኛ ሰልፍ ላይ ደብተሩን ይዞ የቆመው ሰው የነገ ሹም፣ የነገ መምህር፣ የነገም የቤተ ሰብ አለኝታ ነው። ለዚህ ሰው ግማሽ ሰዓት፣ አንዲት የበራች መንገድና አንድ የተከፈተ በር መስጠት ለአገር የተሰጠ ብድር ነውና፣ የሚችል ሁሉ ሳይዘገይ ይስጥ።